ላይቭ ከመግባትዎ በፊት፦ ከአል ቃጣራ ሆኖ ስለ ሀገር መከራከር እንዴት ነው? ስንትስ ያስወጣል?

«የማወራው ስለ ኢትዮጵያ ነው። የዚህን ሀገር ስም አላነሳሁም። ታዲያ ማን ይጠይቀኛል?» አል ቃጣራም ሆነ ሌላ የአል ዓይን ሰፈር የሚሠራ ሐበሻ ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ሳይጠይቅ አይቀርም። አጭሩ መልስ «ሊጠየቁ ይችላሉ» ነው። ሕጉ የሚያየው ያወሩበትን ርዕስ ብቻ ሳይሆን ሲያወሩ የነበሩበትን ቦታ ጭምር ነው። ስልክዎ አል ቃጣራ ካለ የሚዳኝዎት የኤምሬትስ ሕግ ነው። ረጅሙን መልስ ቀስ ብለን እንየው።

ይህን የምጽፈው «አፍዎን ይዝጉ» ለማለት አይደለም። ሀገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ስለ ሀገሩ ማሰቡን አይተውም፤ መተውም የለበትም። ግን ለቤተሰብ ብር የሚልክ ሰው እያንዳንዷን ዲርሃም ቆጥሮ እንደሚያወጣ ሁሉ፣ የሚናገረው ነገር ስንት ሊያስከፍለው እንደሚችልም አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል።

መጀመሪያ ላይቭ እንዴት እንደሚሠራ እንይ። አንድ ሰው ስልኩን ይከፍትና በቲክቶክ ወይም በፌስቡክ በቀጥታ መናገር ይጀምራል። እሱ ሆስት ይባላል፣ ማለትም የቤቱ ባለቤት። ሌሎች ጥያቄ ልከው ሲፈቀድላቸው በድምፅ ወይም በምስል ይገባሉ፤ እነሱ ጌስት ናቸው። የቀረው ሰው ያዳምጣል፣ ኮሜንት ይጽፋል፣ ስክሪኑን ይመታል፣ ስጦታ ይልካል።

ስጦታው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙው ነገር ያለው እዚያ ነው። ስጦታ ተብለው ከሚላኩት ምስሎች ጽጌረዳዋ አንድ ኮይን ናት። ኮይን ማለት በባንክ ካርድ ወይም በስልክ ሂሳብ የሚገዛ የመተግበሪያው ገንዘብ ነው። አንድ ኮይን ከአንድ የአሜሪካ ሳንቲም ጥቂት ስለሚበልጥ ጽጌረዳ መላክ ከምንም አይቆጠርም። አንበሳው ግን 29,999 ኮይን ነው። ይህ ወደ 400 ዶላር ይጠጋል፣ በዲርሃም ደግሞ ወደ 1,500። የብዙ የቤት ሠራተኛ የወር ደመወዝ ከዚህ ያንሳል። ማታ ላይ «አንበሳ ወረደ!» እየተባለ ሲጨፈር የወረደው የአንድ ሰው የወር ላብ ነው።

«ቢያንስ ለተቸገረ ይደርሳል» ይሉ ይሆናል። ሙሉው አይደርስም። ቲክቶክ ከስጦታው ላይ የራሱን ድርሻ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 ቢቢሲ በሶርያ ተፈናቃዮች ላይቭ ላይ ባደረገው ምርመራ፣ ከተላከው ገንዘብ እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ኩባንያው ዘንድ እንደሚቀር አግኝቷል። ለእናትዎ የሚልኩትን ብር ኤክስቼንጅ ቤቱ ይህን ያህል ቢቆርጥብዎት ዝም አይሉም ነበር።

ክርክሩ ለምን ሁልጊዜ ወደ ስድብ እንደሚያመራም ከዚሁ ይገባናል። መተግበሪያው ሰው ብዙ ሰዓት የቆየበትን ላይቭ ለሌሎችም ያሳያል። ሰው ደግሞ ጠብ ካለ ይቆያል። በዚያ ላይ ማች የሚባል አለ። ሁለት ሆስቶች ለአምስት ደቂቃ ይጋጠማሉ፤ የማን ደጋፊ ብዙ ስጦታ እንደላከ ይቆጠራል። በድሮው በላ ልበልሃ ተሟጋቾች በማር፣ በበቅሎ ይወራረዱ ነበር፤ የተረታ ከራሱ ይከፍላል፤ ዳኛም ከመሐል ተቀምጦ ያዳምጣል። በላይቭ ማች ግን ዳኛ የለም፤ ከፋዩም ተመልካቹ ነው። እኔ ይህን የፖለቲካ ክርክር ለማለት ይከብደኛል። ፖለቲካን ያስታከከ ንግድ ነው።

እንቅልፍም ዋጋ አለው። አዲስ አበባ ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን እዚህ 4 ሰዓት ነው። ይህስ ይሁን። ዋሽንግተን ያለው ሆስት ግን እራቱን በልቶ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ሲከፍት፣ በነሱ በጋ አል ዓይን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። እሱ ነገ ሊተኛ ይችላል፤ እርስዎ ግን ልጆቹን ለትምህርት ቤት ማሰናዳት አለብዎት። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የኤምሬትስ የቤት ሠራተኞች ሕግ በቀን ቢያንስ 12 ሰዓት ዕረፍት ይሰጥዎታል፤ ከዚህ ውስጥ 8ቱ የማይቋረጡ መሆን አለባቸው። አሠሪዎ ማዳም እንዳትወስደው የተከለከለውን እንቅልፍ ራስዎ ለላይቭ ባይሰጡት ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ሕጉ እንግባ። ዋናው የሳይበር ሕግ ነው፤ ማለትም በኢንተርኔትና በስልክ የሚፈጸሙ ጥፋቶችን የሚቀጣ። ሙሉ ስሙ አሉባልታንና የኤሌክትሮኒክ ወንጀሎችን መከላከያ ሲሆን፣ ቁጥሩ 34 ዓመቱም እ.ኤ.አ. 2021 ነው። በሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከጥር 2 ቀን 2022 ጀምሮ ነው። አል ዓይን በአቡ ዳቢ ኤምሬት ውስጥ ብትሆንም ሕጉ የፌዴራል ስለሆነ ከአቡ ዳቢ እስከ ፉጃይራ አንድ ነው።

በላይቭ በብዛት የሚሰማው ስድብ ነው። በዚህ ሕግ ሰውን በኢንተርኔት መስደብ ወይም ስሙን የሚያጠፋ ነገር መናገር ያሳስራል፤ ወይም ከ250,000 እስከ 500,000 ዲርሃም ያስቀጣል፤ ወይም ሁለቱም ይደርሳል። በወር 1,000 ዲርሃም የሚያገኝ ሰው ዝቅተኛውን ቅጣት ለመክፈል ምንም ሳይበላ 250 ወር መሥራት አለበት። ይህ ከ20 ዓመት በላይ ነው።

«ሰውየው እኮ አሜሪካ ነው የሚኖረው» ይሉ ይሆናል። ተሰዳቢው የትም ይሁን፣ ስድቡ የወጣው ከአል ቃጣራ ነው። ደግሞም ክርክሩን የሚያዳምጡት አሜሪካ ያሉት ብቻ አይደሉም። ዱባይ ያለው፣ ሻርጃ ያለው፣ እዚሁ ከጎንዎ ያለውም ይሰማል። ፖሊስ ተቀምጦ አማርኛ እያዳመጠ ነው ማለቴ አይደለም። የተቀየመ ሰው ቅጂውን ይዞ አቤት ሊል ይችላል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ላይቭ ሲሆን ደግሞ አፋፉ ላይ የሚቀዳ ሰው ቆሟል።

ከስድብ የሚከፋው በብሔር የሚወረወረው ነው። እዚህ ጋ ሌላ ሕግ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው መድልዎን፣ ጥላቻንና አክራሪነትን የሚከላከለው ሕግ ሰዎችን በሃይማኖት፣ በዘር፣ በቀለም ወይም በብሔር ምንጫቸው ለይቶ ጥላቻ የሚቀሰቅስን ንግግር ይቀጣል። መቀጮው ከ500,000 እስከ 1 ሚሊዮን ዲርሃም ሲሆን እስርም አለው። ሀገር ቤት «ቀልድ ነው» ተብሎ የሚታለፍ የብሔር ተረት ተተርጉሞ ፍርድ ቤት ሲቀርብ እንዴት እንደሚሰማ ያስቡት። ዳኛው ሳቁን አይሰማም፤ የሚያየው በዓረብኛ የተጻፈውን ቃል ነው።

«እኔ ግለሰብ አልሰደብኩም፤ መንግሥትን ነው የተቸሁት» ለሚሉም ነገሩ እንዳሰቡት ቀላል አይደለም። የሳይበር ሕጉ ሌላ ሀገርን መሳደብ የሚከለክል አንቀጽ አለው። ቅጣቱ እስር ወይም ከ100,000 እስከ 500,000 ዲርሃም ነው። በትችትና በስድብ መካከል ያለውን መስመር የሚያሰምረው ዳኛው ነው። ስለዚህ «ይህ ፖሊሲ ይህን ጉዳት አመጣ» ማለትና በመሪዎች ላይ እርግማን ማውረድ አንድ አይደሉም። ኤምሬትስና ኢትዮጵያ በመንግሥት ደረጃ የቅርብ ወዳጆች መሆናቸውንም አይርሱ።

ሰልፍስ? የኢትዮጵያን መንግሥት ለመቃወምም ሆነ ለመደገፍ፣ ባንዲራ ይዞ አደባባይ መውጣት እዚህ አይታሰብም። ያለ ፈቃድ ሰልፍ እንዲወጣ በኢንተርኔት መጥራት ብቻውን ያሳስራል፤ መቀጮውም ከ200,000 እስከ 1 ሚሊዮን ዲርሃም ነው።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ሕግ አይደለም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 የባንግላዴሽ ተማሪዎች በመንግሥት ሥራ ኮታ ምክንያት ሀገራቸውን ያናወጠ ተቃውሞ ጀመሩ። ኤምሬትስ የሚሠሩ ባንግላዴሾችም ሐምሌ 19 ቀን፣ ዓርብ ዕለት፣ በተለያዩ ጎዳናዎች ወጡ። የተቃወሙት የራሳቸውን መንግሥት ነው፤ ስለ ኤምሬትስ አላነሱም። እሑድ ዕለት፣ ማለትም በሁለት ቀን ውስጥ፣ አቡ ዳቢ ያለው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት 57 ሰዎች ላይ ፈረደ። 3ቱ የዕድሜ ልክ፣ 53ቱ 10 ዓመት፣ አንዱ 11 ዓመት እስር ተፈረደባቸው። ፍርዳቸውን ሲጨርሱ ከሀገር እንዲወጡም ተወሰነ።

በኋላ ነገሩ ተለወጠ። ዳካ ላይ መንግሥት ተቀይሮ መሐመድ ዩኑስ ጊዜያዊ መሪ ሆኑ፣ ለኤምሬትሱ ፕሬዚዳንት ለሼክ መሐመድ ቢን ዛይድም ደወሉ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 መጀመሪያ 57ቱም በይቅርታ ተፈቱና ወደ ሀገራቸው ተላኩ። ተፈቱ ማለት ግን ሥራቸውን ቀጠሉ ማለት አይደለም። እዳ ገብቶ ለመጣ ሰው ነጻ ወጥቶ በባዶ እጅ መመለስም ቅጣት ነው። ፍርዱ ከባድ ነበር የሚለው የእኔም አስተያየት ነው፤ ሕጉ ግን የእኔን አስተያየት አይጠብቅም።

«እኔ አልጽፍም፤ ሼር ብቻ ነው የማደርገው» የሚሉ ብዙ ናቸው። የሐሰት ወሬን የሚመለከተው አንቀጽ ያወጣውንም፣ ደግሞ ያሰራጨውንም አብሮ ይጠቅሳል። ቅጣቱ ቢያንስ አንድ ዓመት እስርና 100,000 ዲርሃም ነው። ወሬው የተሰራጨው በወረርሽኝ፣ በአደጋ ወይም በችግር ጊዜ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ዓመትና 200,000 ይሆናል። እዚህ ጎርፍ ወይም ሌላ አደጋ ሲያጋጥም «ተመልከቱ ጉድ!» ብሎ ቪዲዮ ማሰራጨት ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው።

ሰው ብዙም የማያስበው ደግሞ ከጀርባዎ የሚታየው ነው። ላይቭ የገቡት ከማዳም ሳሎን ወይም ወጥ ቤት ነው እንበል። ከኋላ ልጅ ይሮጣል፤ እማማ ሻሻቸውን ሳያደርጉ ያልፋሉ። ሰውን ሳያስፈቅዱ መቅረጽና ማሰራጨት የግል ሕይወትን መድፈር ነው። ቅጣቱ ቢያንስ ስድስት ወር እስር ወይም ከ150,000 እስከ 500,000 ዲርሃም ነው። ስለ ፖለቲካው አንድም ቃል ሳይሳሳቱ ከጀርባዎ በታየው ሰው ምክንያት ሊከሰሱ ይችላሉ ማለት ነው። ላይቭ መግባት ካለብዎ ከራስዎ ክፍል፣ ግድግዳ ብቻ ከኋላዎ አድርገው ይግቡ። የሚሻለው በድምፅ ብቻ መግባት ነው።

ይኸው አንቀጽ የቆሰሉ፣ የሞቱ ወይም አደጋ የደረሰባቸው ሰዎችን ምስል ያለ ፈቃድ ማሰራጨትንም ይመለከታል። ከሀገር ቤት የሚመጡት አሳዛኝ ቪዲዮዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። ሐዘንዎን በቃል ይግለጹ። ምስሉን አያስተላልፉ።

አዲሱ ቴክኖሎጂ ነገሩን የባሰ አወሳስቦታል። ኤአይ የምንለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ዛሬ የአንድን ባለሥልጣን ድምፅ አስመስሎ ያላለውን ያናግረዋል። ኤምሬትስ በዚህ ቴክኖሎጂ ቀድማ ገብታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2017 የኤአይ ሚኒስትር የሾመች የመጀመሪያዋ ሀገር ናት። አቡ ዳቢም እ.ኤ.አ. በ2027 የመንግሥት አገልግሎቱን ሁሉ በኤአይ ለማሠራት 13 ቢሊዮን ዲርሃም መድባለች። ስለዚህ የተቀነባበረ ቪዲዮ ምን እንደሆነ የማያውቅ ዳኛ ያጋጥመኛል ብለው አይጠብቁ። የሰውን ምስል ወይም ድምፅ ለውጦ ስሙን ማጥፋት ቢያንስ አንድ ዓመት ያሳስራል፣ ወይም ከ250,000 እስከ 500,000 ዲርሃም ያስቀጣል።

ታዲያ የተቀነባበረውን እንዴት እለያለሁ? ሁልጊዜ በዓይን አይለይም። ከንፈሩና ድምፁ መገጠሙን፣ ጣቶቹን፣ ከጀርባው ያለውን ጽሑፍ ይመልከቱ። ከዚህ የሚበልጠው ግን አንድ ቀን መጠበቅ ነው። ባለሥልጣኑ በእርግጥ ተናግሮት ከሆነ ነገ የሚታወቁት የዜና አውታሮች ይዘውት ይወጣሉ። ካልወጣ ምንም አልቀረብዎትም።

«ስሜን ቀይሬ፣ ፎቶዬን አንስቼ ነው የምገባው» ማለት ብዙ አያዋጣም። እዚህ ሲም ካርድ የሚወጣው በኤምሬትስ መታወቂያዎ ነው። የማዳም ዋይፋይም ቢሆን በቤቱ ባለቤት ስም የተመዘገበ ነው። ጥፋቱ የእርስዎ ሆኖ መጀመሪያ የሚጠየቁት የቤቱ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ሥራው እንዴት እንደሚቀጥል ይገምቱት።

ቪፒኤንስ? ቪፒኤን ስልክዎ ሌላ ሀገር ያለ አስመስሎ የሚያገናኝ መተግበሪያ ነው። ወሬው ሁለት ዓይነት ነው፦ አንዱ «ጭራሽ ክልክል ነው» ይላል፣ ሌላው «ማንም አይነካህም» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ኩባንያዎችና ባንኮች ለሥራቸው ይጠቀሙበታል፤ ይህ ይፈቀዳል። ሕጉ የሚቀጣው በቪፒኤን ተደብቆ ወንጀል መሥራትን ወይም ወንጀሉ እንዳይታወቅ ማድረግን ነው። መቀጮው ከ500,000 እስከ 2 ሚሊዮን ዲርሃም ነው። ስለዚህ ቪፒኤን ከፍቶ የሚሳደብ ሰው ከለላ ያገኘ ይመስለዋል እንጂ በአንድ ጥፋት ላይ ሌላ ጥፋት እየጨመረ ነው።

ለቤተሰብ መደወል ብቻ ለሚፈልግ ሰው ቪፒኤን አያስፈልግም። የዋትሳፕ የድምፅና የቪዲዮ ጥሪ እዚህ ተዘግቶ ኖሯል፤ ቦቲምን የመሳሰሉ ፈቃድ ያላቸው መተግበሪያዎች ግን አሉ። ኤቲሳላት ለሞባይል የሚሆነውን የኢንተርኔት ጥሪ ጥቅል በወር 50 ዲርሃም ሲሸጥ ቆይቷል። ከመግዛትዎ በፊት የዛሬውን ዋጋ ሱቁን ይጠይቁ።

ላይቭ ላይ ገንዘብ ማሰባሰብን ለብቻው ማንሳት አለብኝ፤ ሰው በጎ አሳቢነቱ የሚያስጠይቀው እዚህ ላይ ነውና። ተፈናቃይ አለ፣ ታማሚ አለ፣ አስከሬን የሚሸኝ አለ። «በዚህ ቁጥር ላኩ» ይባላል። በኤምሬትስ ግን ፈቃድ የሌለው ግለሰብ ለሕዝብ ጥሪ አድርጎ መዋጮ መሰብሰብ አይችልም። በኢንተርኔት ሲሆን መቀጮው ከ200,000 እስከ 500,000 ዲርሃም ነው። ፈቃዱ ያላቸው እንደ ኤምሬትስ ቀይ ጨረቃ ያሉ ድርጅቶች ናቸው። ገንዘቡ ሀገር ቤት ለታጠቀ ቡድን ነው ከተባለ ደግሞ ነገሩ ከመዋጮ ወጥቶ ሽብርን በገንዘብ መርዳት ወደሚለው ሊሄድ ይችላል፤ ያኔ ወራት አይቆጠሩም፣ ዓመታት ናቸው። የራስዎን ገንዘብ በኤክስቼንጅ ለራስዎ ቤተሰብ መላክ ግን ማንም የማይከለክልዎት ነው።

«ለዕረፍት ሀገር ቤት ስገባስ እፎይ እላለሁ?» እዚያም ሕግ አለ። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። የጥላቻ ንግግር እስከ ሁለት ዓመት እስር ወይም እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ እስሩ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ነው። ሐሰተኛ መረጃ እስከ አንድ ዓመት ወይም 50,000 ብር ነው፤ ተከታዩ ከ5,000 በላይ በሆነ አካውንት ከተሰራጨ ግን እስከ ሦስት ዓመት ወይም 100,000 ብር ይደርሳል። ተከታይ ሲበዛ ኃላፊነቱም ይበዛል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ካነበቡ በኋላ «ታዲያ ምን ቀረ?» ሊሉ ይችላሉ። ብዙ ቀርቷል። እንዲያውም የእኔ ቅሬታ ያለው እዚህ ላይ ነው። ላይቭ ላይ ሌሊቱን የሚያነጋው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ ስለ እገሌ ዘርና ስለ እገሌ ክህደት ነው። እኛን በቀጥታ የሚነኩት የፖሊሲ ጉዳዮች ግን ሰሚ አያገኙም።

ምንዛሪውን እንውሰድ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሐምሌ 22 ቀን 2016 የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት አንድ ዶላር ወደ 57 ብር ነበር፤ አንድ ዲርሃም 16 ብር አይሞላም ነበር። በሳምንታት ውስጥ ዶላሩ ከ100 ብር አለፈ፣ ዲርሃሙም ከ25 ብር በላይ ሆነ። ብር ለሚልክ ሰው ይህ ደስታ ነው። ግን ያው እናቱ ዘይትና መድኃኒት የምትገዛው በዚያው ገበያ ነው። የተጨመረው ብር የተጨመረውን ዋጋ ይችላል ወይ? ይህ ጥሩ ክርክር ነው። ሁለቱም ወገን ቁጥር አለው፤ ማንም መሰደብ የለበትም፤ ደግሞ ከኢኮኖሚስቱ በላይ የሚያውቁት በየወሩ ደረሰኝ የሚይዙት እርስዎ ነዎት።

የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት ሕጉም እንዲሁ ነው። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2013 ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ ሀገራት መሄድን አገደ፤ እገዳው የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በመሐሉ አዋጅ ቁጥር 923/2008 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ወጣ፤ በኋላም በ1246/2013 ተሻሻለ። እገዳው ሰው አዳነ ወይስ ሰውን ወደ ደላላ ገፋ? ሥልጠናው የሚሰጠው ትምህርት እዚህ ያለውን ኩሽና ይመስላል ወይ? እዚህ ላይ ምስክሩ እርስዎ ነዎት። የምርጫ ጉዳይም አለ። አዋጅ ቁጥር 1162/2011 መራጭ የሚመዘገበው በሚኖርበት ምርጫ ክልል ነው ይላል፤ ስለዚህ አል ዓይን ያለ ሠራተኛ ከዚህ ሆኖ ድምፅ አይሰጥም። መስጠት አለበት ወይስ የለበትም? ይህም ያከራክራል፣ ማንንም አያስቀይምም።

አነጋገሩ እንዴት ይሁን? አንድ ምሳሌ ይበቃል። «እነዚህ ሌቦች ሀገር ሸጡ» የሚለውን ይተዉትና «ባለፈው ዓመት በላክሁት ብር እናቴ ይህን ያህል ጤፍ ትገዛ ነበር፣ ዘንድሮ ይህን ያህል ነው፤ ፖሊሲው ለምን እንዲህ ሆነ?» ይበሉ። የመጀመሪያው ጽጌረዳ ያስልካል። ሁለተኛው መልስ ይጠይቃል። ሰው አይሰደብ፣ ብሔር አይጠራ፣ ያላዩትን አየሁ አይበሉ።

የሀገሩ ሰዎች ራሳቸው እንዴት ነው የሚነጋገሩት? በላይቭ ሳይሆን ተቀምጠው ነው። እዚህ አል ቃጣራ ውስጥ ከተምር ማሳው ዙሪያ እንዳሉት ሰፈሮች ሁሉ መጅሊስ አለ፤ መጅሊስ ሰው ተሰብስቦ ቡና እየጠጣ ጉዳዩን የሚያነሳበት ቤት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ይህን ልማድ በኤምሬትስ፣ በሳዑዲ፣ በኦማንና በኳታር ስም መዝግቦታል። በመንግሥት ደረጃ 40 አባላት ያሉት የፌዴራል ብሔራዊ ምክር ቤት አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ ግማሾቹ በምርጫ ይገባሉ። መራጮቹ ግን ዜጎች ናቸው፤ እኔና እርስዎ አንቆጠርም። የእኛ መጅሊስ የዕረፍት ቀን ቡና ነው። አራት አምስት ሰው ተቀምጦ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ ማንም ሳይቀዳ መከራከር ከላይቭ እጅግ ይሻላል። በሕጉ መሠረት የሳምንት ዕረፍት ቀን መብትዎ ነው።

ችግር ቢመጣስ? ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አንዱ እርስዎን የሚያስፈራራ ሰው መምጣቱ ነው፦ «ላይቭ ላይ ያልሽውን ቀድቻለሁ፤ ብር ካልላክሽ ለፖሊስ እሰጣለሁ» የሚል። ይህ ራሱ ወንጀል ነው። በኢንተርኔት ማስፈራራት እስከ ሁለት ዓመት እስርና ከ250,000 እስከ 500,000 ዲርሃም ያስቀጣል። ብር አይላኩ፤ አንዴ ከላኩ መመለሻ የለውም። መልእክቱን አያጥፉ፣ ስክሪንሾት ያንሱ፣ ቁጥሩን ይያዙ። ለማንም ግን አያሰራጩት፤ ለፖሊስ ብቻ ያሳዩ።

ሌላው ፖሊስ ራሱ ሲጠራዎት ነው። ይሂዱ፤ አይደበቁ። መታወቂያዎን ይያዙ። የምርመራውም የፍርድ ቤቱም ቋንቋ ዓረብኛ ስለሆነ አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ የቤት ውስጥ ዓረብኛ ለዚህ አይበቃም። ያልተነበበልዎትን ወረቀት አይፈርሙ። ለአቡ ዳቢው የኢትዮጵያ ኤምባሲ እንዲነገርልዎት ይጠይቁ፤ ዱባይም ቆንስላ አለ። ጥፋተኛ የተባለ የውጭ ሀገር ሰው ከቅጣቱ በላይ ከሀገር እንዲወጣ ፍርድ ቤቱ ሊወስን ስለሚችል፣ ጠበቃ ለማግኘት አይዘግዩ።

እነዚህን ቁጥሮች ዛሬውኑ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። አማን የሚባለው የአቡ ዳቢ ፖሊስ የምስጢር መስመር 8002626 ነው፤ በአቡ ዳቢም በአል ዓይንም ላለ ሰው ይሠራል። የሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ ከሆነ ለሰው ኃይል ሚኒስቴሩ በ600590000 ይደውሉ። አጣዳፊ አደጋ ከሆነ 999 ነው።